የመሪጌታ ይኄይስ ጆሮ

መሪጌታ ይኄይስ ማረፋቸውን የነገረኝ ጎረቤቴ ነጋዴው ሰይድ ነው። ሱቄ በር ላይ ቆሞ፣ «ሰማህ? ሰውየህ ሞቱ» አለኝ። እኔ የስፌት መኪናዬ መርፌ ላይ ክር እያስገባሁ ነበር። የትኛው ሰውዬ ብዬ አልጠየቅሁትም። በዚህ በደብረ ታቦር ከተማ ሰይድ «ሰውየህ» ብሎ የሚጠራልኝ ሰው አንድ ብቻ ነው። ነፍስ ይማር ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ክሩን ትቼ መኪናዬን ሸፈንኋት።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ስለ መሪጌታ ሳወራ «እሳቸው» የምለው ለራሳቸው አይደለም፤ ለጥምጥማቸው ነው። እናቴ ካህን አንቱ በል ብላ አሳድጋኛለች፤ በዚህ ዕድሜዬ አልለውጠውም። የሚጸየፉትን ሰው አንቱ ማለት ግን አድካሚ ነገር ነው። ሌላው ሰው የማልረሳው ብሎ የሚያነሣው ደግ አስተማሪውን ወይም ሩኅሩኅ ጎረቤቱን ነው። እኔ የማልረሳቸው በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ከጎኔ ተቀምጠው ጣሊያንኛ የተማሩትን እኚህን ሰው ነው። ብረሳቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገተ መለሎ ነበሩ። ድምፃቸው ያምር ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም። ከድምፃቸው ይልቅ የሚታወቁት ግን በጆሯቸው ነው። በእኛ ደብር አንባቢ ሲሳሳት ዝም አይባልም። የሚጠብቀውን ፊደል ቢያላላ፣ የሚላላውን ቢያጠብቅ፣ ዙሪያውን የቆሙት ካህናት እዚያው ቅዳሴው መካከል ጮክ ብለው ልኩን ይነግሩታል። አንባቢውም ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳረሙት ደግሞ ያነብና ይቀጥላል። ማንም አያፍርበትም፤ የቆየ ሥርዓት ነው። ከሁሉ ቀድሞ የሚያርመው ሁልጊዜ መሪጌታ ይኄይስ ነበሩ። ስህተቱ ገና ከአንባቢው አፍ ሳይወጣ የቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት ወደ ጆሯቸው ይሄዳል፣ ጆሯቸውን ነካ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ልኩ ይመጣል። ተማሪዎቻቸው ከአለንጋቸው ይልቅ ያችን ጣት ይፈሩ ነበር።

በጣሊያን ጊዜ ነው። ምሽጉ ላይ የተቀመጠው የጣሊያን አዛዥ፣ ካፒታኖው፣ ትእዛዝ አወጣ። ሱቅ ያለው፣ ልብስ የሚሰፋ፣ ጭቃ ሹም የሆነ ሁሉ፣ ከየደብሩም አንድ አንድ ካህን ጣሊያንኛ ይማር ተባለ። እምቢ ያለ ቤቱ ይታሸጋል። እኔ ከአባቴ በወረስኋት የስፌት መኪና ገና ሥራ መጀመሬ ነበር። ሄድሁ።

ትምህርት ቤት የተባለው ከምሽጉ ሥር ያለ፣ የበቅሎ ድርቆሽ የሚከመርበት የቆርቆሮ ቤት ነው። ግማሹ ያኔም ድርቆሽ ነበር። ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው የበቅሎ ሽንትና የሰው ላብ አንድ ላይ ይነሣል። እስከ ዛሬ ጣሊያንኛ ሲነሣ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ቃሉ ሳይሆን ያ ሽታ ነው።

አስተማሪያችን ጫኔ የሚባል የካፒታኖው አስተርጓሚ ነበር። የእብናት ሰው ነው። በልጅነቱ ከአገር ወጥቶ ምጽዋ አንድ ጣሊያን ቤት ወጥ ሲሠራ ኖረና ከጌቶቹ ጋር ተመለሰ። ሕዝቡ «ጫኔ ቆርቆሮ» ይለዋል። ዐርብ ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ካህናቱ ፊት የቆርቆሮ ሥጋ በጩቤ ከፍቶ በጣቱ እየዛቀ ይበላ ነበርና። የተረፈውን ሞራ ጠጉሩን ይቀባዋል። ከዚያ በዚያው እጁ ትከሻችንን መታ መታ እያደረገ «በል ድገም» ይላል። ጋቢዬ ላይ የቀረውን የጣቱን ቅባት እንዶድም አላስለቀቀው።

ትምህርቱን ሲጀምር እንዲህ አለን፦ «ጣሊያን የሚጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። ማን መጣ? ምን በላ? ወዴት ሄደ? ይህን ከያዛችሁ ሌላው ትርፍ ነው።» ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርታችን ሦስት ቃል ሆነ። መጣ፣ ቬኑቶ። በላ፣ ማንጃቶ። ሄደ፣ አንዳቶ። ጢማም ሽማግሌዎች ሁሉ እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ ጮኽን። መጀመሪያ አካባቢ፣ እውነቱን ልናገር፣ ሳቅ ሳቅ ይለን ነበር።

ሳቁ የቆመው ካፒታኖው በገበያ ቀን መጥቶ ፊታችን ሲቀመጥ ነው። ትምህርት ሊፈትን ነው ተባልን። አንድ በአንድ እያስነሣ፣ ትናንት ቤትህ ማን መጣ? ምን በላ? ወዴት ሄደ? ይለን ጀመር። ጫኔ ከጎኑ ቆሞ ይስቃል። ያን ጊዜ አገሩ ዙሪያውን አርበኛ ነው፤ ልጁ ወይም ወንድሙ ዱር ያልገባበት ቤት የለም። ሰይድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ይኼ ትምህርት ይመስልሃል? ወንበር ሰጥተው ነው የሚመረምሩን» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሉ ሁሉ አፌ ውስጥ ይመረኝ ጀመር። ሁላችንም አንድ ዓይነት መልስ ያዝን፤ ሚስቴ መጣች፣ ሽሮ በላሁ፣ ወደ ሱቄ ሄድሁ። በጣሊያንኛ ደብረ ታቦር ከሽሮ ሌላ ምግብ አታውቅም ነበር።

መሪጌታ ይኄይስ የመጀመሪያ ቀን የመጡት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው ነው። «የመናፍቅ ቋንቋ ከአፌ አይወጣም» አሉ፤ አላወጡምም። ግድግዳ ግድግዳውን ሲያዩ ሰነበቱ። ያኔ እወዳቸው ነበር ማለት ይቻላል። ታዲያ አንድ ቀን ጫኔ አንዱን ቃል ትናንት ካለው በሌላ አኳኋን አለው። ማናችንም ልብ አላልነውም። የመሪጌታ ጣት ግን ወደ ጆሯቸው ሄደች።

«ትናንት እንዲህ አላልህም» አሉት። «ልኩ የትኛው ነው?»

ጫኔ ሳቀ። «የትኛውም ይሆናል፣ መሪጌታ። ወጥ ቤት ውስጥ ሁለቱንም ይላሉ።»

«ሁለቱም አይሆንም። አንዱ ስህተት ነው።»

በቃ፣ መናፍቅነቱ እዚያው ተረሳ። ካፒታኖው ዘንድ የሚመላለሰውን የጣሊያን ቄስ መንገድ ላይ እያቆሙ ይጠይቁ ጀመር። ሦስቱን ቃላት በዕዝል ዜማ አወጧቸው። መቋሚያቸውን መሬት እየመቱ፣ እየተወዛወዙ፣ ቬኑቶ፣ ማንጃቶ፣ አንዳቶ ሲሉ ድርቆሹ ሳይቀር የሚያስተጋባ ይመስል ነበር። ካፒታኖው ይህን ሰምቶ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ሌሎቹን መኮንኖች ጠርቶ አስደገማቸው። ነጮቹ ዝንጀሮ ሲጨፍር እንደሚያይ ሰው ያጨበጭባሉ። መሪጌታ እየተደነቁ መስሏቸው ደረታቸውን ነፉ። ቅዱስ ያሬድ የተሰደበ መሰለኝ፤ ፊቴን አዞርሁ።

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ሰላም አልነበረም። እኔን ያርሙኛል፣ ሰይድን ያርማሉ፣ አስተማሪውን ያርማሉ። ጫኔ ግን አይቆጣም። አፉን በሥጋ እንደሞላ፣ «መሪጌታ፣ አንቱ ከእኔ ይበልጣሉ እኮ» እያለ ይስቅባቸዋል። እሳቸው ግን ምስጋና ነው ብለው ይወስዱታል።

አንድ ነገር ልመስክርላቸው። ለሹመት አልሮጡም። ጣሊያንንም አልወደዱም፤ በልባቸው ይረግሙት እንደነበር አውቃለሁ። ከሃዲ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ከሃዲን ጠልተህ ትተኛለህ።

አያ ድረስ የገሳይ ገበሬ ነበር። በገበያ ቀን ገብሱን በአህያ ጭኖ ከልጁ ከስንዱ ጋር ይመጣል፤ እጀ ጠባቡንና ሱሪውን እኔ ነኝ የምሰፋለት። ግትር ሰው ነው። ውሸት የማይናገረው ለጽድቅ ብሎ አይመስለኝም፤ ማንን ፈርቼ ነው የምዋሽ ከሚል ትዕቢት ነው። አንድ ወንድ ልጁ ዱር ገብቶ ነበር። ልጁ በሌሊት ቤት ሲገባ ታየ ብሎ አንድ ባንዳ ነገር ወሰደና አባትየውን ከገበያ መሐል አስረው አመጡት።

ካፒታኖው እዚያው ገበያው ዳር ወንበር አስወጥቶ ተቀመጠ። እኛን ተማሪዎቹን ከፊት አቆመን፤ እየሰሙ ይማሩ አለ። ሕዝቡ ከኋላችን ነው። ስንዱ የአህያዋን ገመድ እንደያዘች ከጎኔ ቆማለች፤ ገና ያልተዳረች ልጅ ነበረች።

ካፒታኖው ጠየቀ፣ ጫኔ ወደ አማርኛ መለሰው፦ «ልጅህ ቤትህ መጥቷል ወይ?»

አያ ድረስ ጫኔን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «መጥቷል እንጂ። መጣ፣ በላ፣ ሄደ። የወለድሁትን ልጅ እራት ልከለክለው ኖሯል?»

ስንዱ አፏን በእጇ ያዘች። ካፒታኖው ወደ ጫኔ ዞሮ ይጠብቃል። ጫኔ ያን በሞራ የተቀባ ጠጉሩን ዳበስ ዳበስ አደረገ። ከዚያ ተናገረ። ከሞላ ጎደል ሁላችንም ገባን፤ ያስተማረን እሱ አይደል። ልጄ ከሄደ ወዲህ አልመጣም፣ ሞቷል ብዬ እርሜን አውጥቻለሁ ይላል ሽማግሌው፣ አለ። ሰይድ ጋቢዬን ጨምድዶ ያዘኝ። ጫኔ ቆርቆሮ፣ ያ የሚያስጠላ ሰው፣ ፊታችን ቆሞ በራሱ አንገት እየዋሸ ነው።

ካፒታኖው ሙቀቱ አሰልችቶታል። እጁን ወዘወዘ፤ ፍቱት ሊል ነው። ወደ በቅሎው መዞር ጀምሮ ነበር።

የመሪጌታ ጣት ወደ ጆሯቸው ስትሄድ አየሁ።

«መሪጌታ» አልሁ ቀስ ብዬ። አልሰሙኝም። ስህተት በሚነበብበት ጊዜ የማንንም ድምፅ አይሰሙም።

«ኤ ቬኑቶ» አሉ፤ ያ ያማረ ድምፃቸው ገበያውን ሞላው። «ኣ ማንጃቶ። ኤ አንዳቶ።» መጣ። በላ። ሄደ።

እሳቸው ወደ ጫኔ ዞረው ጠበቁት። አንባቢ ሲታረም ይደግማል፤ ጫኔ አልደገመም። «ድገም እንጂ» አሉት በአማርኛ።

ጫኔ ትክ ብሎ አያቸው። ፈገግ ለማለት ሞከረ፣ አልሆነለትም። «አላልሁም፣ መሪጌታ?» አለ። «አንቱ ከእኔ ይበልጣሉ አላልሁም?»

አያ ድረስን በማግስቱ ገበያው ዳር ካለው ዋርካ ላይ ሰቀሉት። እኔ የሰፋሁለትን እጀ ጠባብ እንደለበሰ ነበር። ጫኔን እዚያው ገርፈው በካሚዮን ወደ ጎንደር ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህ የሰማ የለም። ጫኔ ደግ ሰው ነበር አልልም። ስንቱን ቤት በዚያ ምላሱ እንዳፈረሰ እግዚአብሔር ይቁጠረው። ጠጉሩ፣ ጣቱ፣ የዐርብ ሥጋው አሁንም ያስጠሉኛል። ያን ዕለት ግን ለሰው ብሎ ዋሸ፤ እሱን ያስጨረሰውም ጻድቅ የተባለ ሰው ነው።

ከቀናት በኋላ መሪጌታን ከቅዳሴ ሲወጡ ጠብቄ አገኘኋቸው። የሚጸጸት ፊት አያለሁ ብዬ ነበር። ታመው፣ ከስተው፣ አልቅሰው አገኛቸዋለሁ ብዬ ነበር። ደህና ነበሩ።

«ምነው መሪጌታ? ምነው እንዲህ አደረጉ?» አልኋቸው።

«ምን አደረግሁ?»

«አያ ድረስን።»

«እኔ ሰቀልሁት? ያላለውን ጨመርሁበት?» አሉ፤ ቁጣቸው የእውነት ነበር። «ሰውየው ያለው በልቶ ሄደ ነው። ያ ከርሳም አልመጣም ብሎ ይተረጉማል። ቆሜ ልስማው? እኔ ያረምሁት ንባብ ነው።»

እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ወዳጅ ጠጋ አሉኝ። «ለመሆኑ አንተ እንደሰማኸው፣ ኤ አንዳቶ ያልሁት ልክ ነበር? እሱ ላይ ትንሽ ፈጥኜበት እንዳይሆን።»

ደጀ ሰላሙ ግንብ ሥር ሄጄ አስመለስሁ። ቀልዴን አይደለም፤ ጠዋት የቀመስሁት ሁሉ ወጣ።

በጫኔ ቦታ እሳቸው አስተርጓሚ ተደረጉ። ወደውም ጠልተውም አይደለም፤ ሲታዘዙ ሄዱ። ያለውን እንዳለ ይተረጉሙ ነበር፤ አንዲት ቃል አይጎድልም፣ አንዲት አይጨመርም። ሰው ይህን ሲያውቅ እሳቸው ፊት መናገር ተወ። ገበሬው ሲጠየቅ መሬት መሬት ያያል። ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ የዚህ አገር ሰው ዲዳ ሆኖ ከረመ።

ከነጻነት በኋላ ማን ይጠይቃቸው? ያስተማሯቸው ልጆች ቄሶች ሆኑ፤ መሪጌታም ደብሩን ሁሉ የሚያዝዙ ሰው ሆኑ። ሰው ጉልበታቸውን ይስማል። ካባ እንድሰፋላቸው በየጊዜው መልእክተኛ ይልካሉ፤ እኔ ክር አልቆብኛል እላለሁ። ያ ክር እስኪሞቱ ድረስ እንዳለቀ ቀረ። ሰይድ ሱቅ ውስጥ ክሩ በየቀለሙ ተደርድሮ ይታያል፤ እሱም ቢጠይቁት የለኝም ይል ነበር።

ቀብራቸው ላይ የሄድሁት በዚህ አገር ከቀብር መቅረት ነውር ስለሆነ ነው። ግቢው ሞልቷል። ስንዱን ከግቢው ወይራ ዛፍ ሥር አየኋት። አሁን የልጅ ልጅ ያየች ሴት ናት። ከጎኗ ቆምሁ።

«መጣሽ?» አልኋት።

«ለመቅበር ነው የመጣሁ» አለች። «ለማልቀስ አይደለም።»

ፍትሐቱ አለቀና የሕይወት ታሪካቸው ሊነበብ ሆነ። አንባቢው ቄስ ሞገስ ነበር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ መሪጌታ በዚያች ጣት ያሳደጉት ሰው ነው። ጠጉሩ ሸብቷል። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ ቅኔ ተቀኙ እያለ መጣና እንዲህ የሚል ቦታ ደረሰ፦ «በጠላት ዘመንም የጣሊያንን ቋንቋ በብልሃት አጥንተው፣ ወገናቸውን ከሞት አድነዋል።»

ካህናቱን አየኋቸው። ዕድሜያቸው የገፋው ሁሉ ያውቃሉ፤ ያን ዕለት ገበያው ውስጥ የነበሩም አሉ። አንዲት የምትጠብቅ ፊደል ስትላላ ግቢውን የሚያናውጡት ሰዎች ጫማቸውን ያያሉ። ስንዱ አንገቷን ወደ እኔ አዘነበለች።

«የሚነበበው የማን ነው?» አለችኝ።

«የእሳቸው ነው።»

«ታዲያ አራሚ የለም?»

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጥምጥም የለኝም፤ በካህናት መካከል ድምፅ ማሰማት አይገባኝም። ግን ሥርዓቱን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

«አባ ሞገስ» አልሁ፤ ድምፄ ሳላስበው ጮኸ። «ወገናቸውን ከሞት አድነዋል አይልም።»

ቄስ ሞገስ ሲታረም እንደኖረው ሁሉ ቆመ፤ ጣቱን መሥመሩ ላይ አኖረና ቀና ሳይል ልኩን ጠበቀ።

«አያ ድረስን ለሞት ሰጥተዋል ነው የሚለው።»

«አያ ድረስን ለሞት ሰጥተዋል» ብሎ ደገመው፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ መሪጌታ እንዳስተማሩት። እንዲያውም ቀጥሎ «ከነጻነት በኋላም» ብሎ ጀምሮ ነበር። ምን እንዳነበበ የገባው ያኔ ነው፤ ወረቀቱን እንደያዘ ፈዞ ቀረ። ከካህናቱ ተሳስተሃል ያለው የለም።

ስንዱ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አሁን ይቀበሩ» አለች።